ድራይቨሩ የዋጠው ዜማህ

ይድረስ ለአባዬ፣ ዳባት ከጥዱ ሥር ላረፍከው፤

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ከእኛ የተሻለ ቦታ እንዳለህ ካህናቱ በየጊዜው ይነግሩናል። እኛም ደህና ነን፣ ከመብራቱና ከኮምፒውተሩ በቀር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ አይደለም፤ ናፍቆቱማ የየቀን ነው። ተናድጃለሁ አባዬ። የተናደድኩበት ነገር ደግሞ ያንተው ድምፅ ስለሆነ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ሰው ሁሉ «አንቱ» ሲልህ እኔ ብቻ «አንተ» እልህ ነበር። እማዬ እንኳ አርባ ዓመት አብራህ ኖራ «አንቱ» እንዳለችህ ነው የተለያያችሁት። ተማሪዎችህ ሲሰሙኝ ይደነግጡ ነበር። አንተ ግን «ተዋት፤ አንተ የሚለኝ አንድ ሰው እንኳ ይኑረኝ» ብለህ ዝም አሰኘሃቸው። ስለዚህ በዚያው ልማዴ እቀጥላለሁ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። እማዬን ከአርባህ በኋላ ደባርቅ ይዣት መጣሁ። መጀመሪያ አሻፈረኝ ብላ ነበር፤ ደባርቅ ብርዱ አጥንት ይገባል አለች፣ የዳባት ብርድ ሌላ ቦታ የሚገባ ይመስል። አሁን ለምዳለች። በቅሎህ አርጅታ ስለነበር ለጎረቤት ሰጠናት፤ እዚያው ግቢ በር ላይ ቆማ ትውላለች አሉ። የዳባቱን ቤት ለልሳነ ወርቅ ለቀቅንለት። ታስታውሰዋለህ፣ ከጃናሞራ መጥቶ አራት ዓመት ድጓ የተማረብህ፣ ያ ቀጭኑ፣ ሲበላ እንኳ በልቡ ዜማ የሚቆጥረው። ወንበርህን ተክቶ የሚያስተምረው እሱ ነው። አስፋልቱም ደባርቅ ደርሷል። ሚኒባሱ አሁን ዳባት ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም፤ የሚፈጅበት ከመናኸሪያ ለመውጣት ነው። እኔ ያው መናኸሪያው አጠገብ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ነኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የተማሪ ወረቀት አባዛለሁ፣ ከሳንቃ በር የሚወርዱ የፓርክ ጠባቂ ስካውቶች የዓመት ዕረፍት መጠየቂያቸውን ያስጽፉኛል። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከላፕቶፑ ጎን፣ ያችው ቴፕህ ተቀምጣለች።

የነገሩ ሁሉ መነሻ እሷ ናት። ከመተማ የተመለሰ የቀድሞ ተማሪህ ነበር ያመጣልህ። ለሳምንታት በነጠላ ሸፍነህ አስቀመጥካት። «ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚሄድ እንጂ ሣጥን ውስጥ አይገባም» እያልክ። ኋላ ግን ሳሉ ጀመረህ፤ የመምህርህን አወራረድ የሚያውቁትም ሰዎች እየተቆጠሩ አለቁ። አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነጠላውን ገለጥህና «ነይ ቁልፉን ያዥ» አልከኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ሕጉ አንድ ነበር፦ መቋሚያህን መሬት ሳታስነካ ማቆሚያዋን እንዳልነካ። ዜማው አልቆ፣ ድምፅህ አርፎ፣ መቋሚያህ «ጧ» ሲል ያኔ ቁልፏን እጫናለሁ። እኔ ደግሞ ችኩል ነበርኩ። ድምፅህ ወርዶ ወርዶ፣ አፍህ ተዘግቶ ከደረትህ ብቻ የሚወጣበት፣ አለቀ ሲሉት ገና የሚቀጥልበት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ያለቀ ይመስለኝና ቀጭ አደርጋታለሁ። «ደረቱን ቆረጥሽው!» ብለህ ትቆጣለህ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው እንደገና። አንዱን ዜማ አራት ጊዜ ያስቀዳሁህ ቀን መቋሚያውን እኔ ላይ ታስነካዋለህ ብዬ ፈርቼ ነበር። ደረት የምትባለውን ምልክት ሌላው ተማሪ ከመጽሐፉ ሲማራት፣ ለሴት ልጅ ድጓ ማን ያስተምራል የተባልኩት እኔ በቁጣህ ተማርኳት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት ካሴት ሞላን። ሰባተኛውን የቀዳነው ኋላ፣ በመጨረሻው ዓመትህ ነው፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። አንዱም ላይ ግን ምን እንዳለ አልጻፍክበትም። ያን ሁሉ ድጓ በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ ካሴት ላይ «ይህ የጾመ ድጓ ነው» ብሎ መጻፍ ምን አቃተው? አንዱ ላይማ የተገኘው የሬሳ ሣጥን የሚሠራ የአናጢ ስም ነው። ስሙ እዚያ ምን እንደሚያደርግ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ካረፍክ በኋላ ተማሪዎቹ «እባክሽ የኔታን አሰሚን» እያሉ ከዳባት ድረስ ይመጡ ጀመር። ቴፗ ላስቲኳ መላላት ጀምሮ ድምፅህን አልፎ አልፎ ታጎትት ነበር፤ ካሴቶቹም በተሰሙ ቁጥር ይሳሳሉ። ወደ ኮምፒውተር ልገልብጣቸው ብዬ ተነሣሁ። ምን ያቅታል? ሽቦ ነው፤ አንዱን ጫፍ ቴፗ ላይ፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት ነው። ሰካሁት። ድምፅህ መጣ፤ ከኋላህ ግን የንብ ቀፎ ሙሉ ይጮኻል። ፎቶ ኮፒውን ሳስነሳ ንቡ ይቆጣል። የጎረቤቴ ሻይ ቤት ማቀዝቀዣው ሲነሣ ደግሞ ሌላ ቀፎ ይጨመርበታል። አንተ ስታዜም የሻይ ቤቱ ማቀዝቀዣ ይቀበልሃል።

ጎንደር ከተማ ታደለ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ፤ ደወልኩለት። ኮምፒውተሩ የራሱ የድምፅ ዕቃ ሆዱ ውስጥ ከሌላው ጋር ተጨናንቆ ስለሚቀመጥ የሁሉንም ጩኸት ይሰማል አለኝ። ድምፁን ውጭ ለውጦ በዩኤስቢ በኩል የሚያስገባ መቀየሪያ መግዛት አለብሽ አለ። በሚኒባስ ሄድኩ፤ አውራ ጣት የምታህል ነገር ይዤ ተመለስኩ። እሷ ለካ ለማይክራፎን ብቻ የተሠራች ናት፤ የቴፑ ጉልበት ሲመጣባት ድምፅህን እንደ ደረቀ ቆዳ ሰነጣጠቀችው። እንደገና ጎንደር። ሁለተኛዋ የክብሪት ቀፎ ታህላለች፤ ቀይና ነጭ ቀዳዳ አላት፤ ለቴፕ የተሠራች ናት ተባልኩ። ግን ያለ ድራይቨር አትሠራም።

ድራይቨር ማለት፣ አባዬ፣ ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ዕቃ እንዲያውቀውና እንዲያዘው የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም ነው። ያለ አማላጅ አይነጋገሩም በለው። ድራይቨሩ በትንሽ ሲዲ አብሯት መጥቷል፤ የእኔ ላፕቶፕ የሲዲ አፉ ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው። ከኢንተርኔት ላውርደው ብዬ ተቀመጥኩ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ይጠፋል፤ ከመብራቱ ጋር ኔትወርኩም ይሄዳል፤ መብራቱ ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ታደለ በፍላሽ ጭኖ በሚኒባስ ረዳት ላከልኝ። ጫንኩት፤ አላወቃትም። ነቅለሽ ጫኚው አለኝ፤ ነቀልኩ። አጥፍተሽ አብሪው አለኝ፤ አጠፋሁ። ተሳካ። በማግሥቱ በሌላው ቀዳዳ ብሰካት እንደገና «አላውቃትም» አለ! ትናንት አብራው ያደረችውን! አንተ ተማሪ ምን ቢደድብ ሰባት ጊዜ ታስረዳ ነበር። እኔ ለዚህ ማሽን ትዕግሥቴ ሁለት ላይ አለቀ።

ከዚያ ግን ተአምር የመሰለኝ ነገር ሆነ። ንቡ ጠፋ። ማቀዝቀዣው ጠፋ። ፎቶ ኮፒው ቢነሣም ባይነሣም ግድ የለም። ድምፅህ ብቻውን፣ ጥርት ብሎ፣ ልክ ጆሮዬ ሥር የቆምክ ያህል መጣ። አለቀስኩ። ለእማዬ አሰማኋት፤ ጥቂት ሰምታ «ተይው፣ ተይው» ብላ ወጣች፤ እስከ መጨረሻው አልሰማችም። እኔም ብሆን እስከ መጨረሻው አልሰማሁም፤ ይህን ላንተ ብቻ ነው የምናዘዘው። የእያንዳንዱን መጀመሪያ እየሰማሁ፣ በጥራቱ እየኮራሁ፣ አስቀመጥኩ። ዜማው እየተቀዳ እኔ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ከዚያ በየሚሞሪው እየጫንኩ ለተማሪዎችህ አደልኩ። የዛሬ ቆሎ ተማሪ ደበሎው ሥር ስልክ አለው አባዬ፤ አትቆጣ። አንዱ ለአንዱ በብሉቱዝ ያስተላልፋል። በአንድ ወር ውስጥ ድምፅህ አንተ በሕይወትህ ያልረገጥከው አገር ደረሰ።

ሙት ዓመትህ ደረሰ። ዳባት ሄድን። ፍትሐቱ አለቀና ልሳነ ወርቅ ተማሪዎቹን አሰለፈ፤ ያንተን አወራረድ ጀመሩ። ጥሩ ነበር፤ እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። ወደ መጨረሻው ድምፃቸው ወረደ፤ ሊያርፍ ሲል ግን ቀጥ አለ። ሁሉም ባንዴ። ከዚያ ዝም። አሥራ ስምንት ወንድ ቀጥ ብሎ፣ አፉን ዘግቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዝም። ቆዩ ቆዩና «ጧ!»፤ መቋሚያቸውን ባንድ ላይ መቱ።

እማዬ ክንዴን ጨመደደችው። «አንች፣ ምን ሁነው ነው የሚያቋርጡት? አባትሽ እንዲህ አይሉም ነበር» አለችኝ። እኔማ ገና ሲቆርጡት አውቄው ነበር። ደረቱ የለም። ያ ድምፅህ ወደ ሆድ የሚወርድበት፣ እኔ ላይ አራት ጊዜ ያስቆጣህ ቦታ፣ እንዳለ ዝምታ ሆኗል። መቋሚያው ብቻ በቦታው አለ።

ከምግቡ በኋላ ልሳነ ወርቅን ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት። ትሕትናውን ታውቃለህ፤ ጎንበስ ብሎ ነው የመለሰልኝ። «እህት ዓለም፣ እኔም መጀመሪያ እንዳንችው ነበር የማስታውስ። ወንበሩን የተረከብኩ ሰሞን ለልጆቹ በደረት አስረዝሜ አስተምሬያቸው ነበር። የኔታ ግን በገዛ ድምፃቸው እንዲህ ካሉ፣ የረሳሁት እኔ ነኝ። ስላሳሳትኳቸውም ሰባት ቀን ሰግጃለሁ» አለኝ። ከዚያ ዝምታውን ተረጎመልኝ። «አንድም፣ ነፍስ ከሥጋ የምትለይባት ሰዓት ናት። አንድም፣ በመቃብር ያለች ዕረፍት ናት። የኔታ በመጨረሻ ዕድሜያቸው የተገለጠላቸው ምሥጢር ነው» አለ። ልጆቹ ጽፈውታል አባዬ። በቃላቸውም ይዘውታል።

በካሴቱ ላይ እንዲህ የለም ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። ሰምቶኝ ሲያበቃ «አንች ሳትቆሚበት ያደግሽውን ትምህርት እንዴት ታርሚዋለሽ» አላለኝም፤ ጨዋ ነው። «በጆሯችን ሰምተናል እኮ» ብቻ አለኝ። በሚኒባሱ ወደ ደባርቅ ስመለስ ራሴንም ተጠራጠርኩ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች? እማዬ ግን መንገዱን ሙሉ ከጎኔ «አይሉም፤ አይሉም» ትል ነበር።

የቴፗ ላስቲክ በዚህ መሀል ተበጥሶ ነበር፤ አዲስ ጎንደር ለማግኘት ወር ያህል ፈጀ። ተገጠመላት፤ ካሴቱን ያለ ኮምፒውተር፣ በራሷ ድምፅ ማጉያ ከፈትኩት። ሽሽሽ ይላል፣ ያረጀ ነው። ድምፅህ ወረደ። ወረደ። እና አለ! ከሽሽታው ሥር፣ ዝቅ ብሎ፣ ረዝሞ፣ ደረትህ አለ። ከዚያ «ጧ»። ተነሥቼ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። ያን ጊዜ የተሳደብኩትን ስድብ ሰምተህ ከሆነ ይቅር በለኝ።

ለታደለ ደወልኩ። ድራይቨሩን ክፈችው አለኝ። ለካ ከመጫኑ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ እኔ ከፍቼው የማላውቅ ገጽ አለው፤ ማሻሻያ የሚል። ማሻሻያ! እዚያ ውስጥ ማንም ሳይጠይቀው ምልክት ተደርጎባቸው የተቀመጡ ትንንሽ ሣጥኖች አሉ። አንደኛው ጫጫታ ማጥፊያ ነው። የተሠራው በኢንተርኔት ለሚያወሩ ሰዎች ነው አለኝ፤ ሰው ሲያወራ ከኋላው ማራገቢያ ቢኖር፣ ዝቅ ብሎ ሳይለዋወጥ የሚረዝመውን ድምፅ ሁሉ ጫጫታ ነው ብሎ ይጠርገዋል። «አባትሽ ማራገቢያ መስለውት ነው» አለኝና ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አሰበና ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ ግን አልተቀየምኩትም። ስንት ዓመት የተማርከውን፣ የኔን ጆሮ የጎተትክበትን፣ መምህርህ ከመምህሩ የተቀበለውን ነገር፣ አንድ ሣጥን ውስጥ ያለች ጭረት ማራገቢያ አለችው። ልሳነ ወርቅ ደግሞ ሰገደላት። አንድም ድራይቨር አባዬ፤ አንድም የእኔ ችኮላ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ምልክቱን አነሣሁት። ደረትህ ተመለሰ፤ ግን ንቡም አብሮ ተመለሰ! ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው፤ አንዱን ስታስወጣ ሌላው ይወጣል። የድራይቨሩን ሌላ ዓይነት ሞከርኩ፤ ሽቦ ቀየርኩ፤ የቴፑን ድምፅ ቀነስኩ፤ ፎቶ ኮፒውን አጥፍቼ ደንበኛ መለስኩ። የሻይ ቤቱን ሰውዬ ማቀዝቀዣውን ለአንድ ሰዓት ንቀልልኝ ብለው፣ ልጅት ሥራ በዛባትና ራሷን ያዛት ብሎ አወራብኝ። እንደዚህ ተሰላችቼ ሽቦውን ስጎትት ነው እማዬ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ምስር እየለቀመች «ምነው አንች፣ አባትሽ በድንጋይ አልነበር የሚቀዱ? ያኔ መብራት መች ነበረንና» ያለችኝ።

አየሃት? ሁለት ጊዜ ጎንደር ስመላለስ፣ በየሳምንቱ በስልክ ስለፈልፍ፣ መልሱ ምስር ይለቅም ነበር። ስድስት የባትሪ ድንጋይ ገዛሁና ቴፗ ውስጥ ከተትኩ፤ ከግድግዳው ነቀልኳት። የላፕቶፑንም ቻርጅ ነቀልኩ። ንቡ እልም አለ። ሁለቱ ዕቃዎች ከአንድ መብራት ሲጠጡ ነበር ለካ ያ ሁሉ ጩኸት። ሽሽታው ቀርቷል፤ እሱ የካሴቱ ዕድሜ ነው፤ አልነካሁትም። ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዲጸዳልኝ አልፈልግም። ሰባቱንም ካሴት እንደ አዲስ ቀዳሁ፤ በዚህ ጊዜ ማመልከቻ አልጻፍኩም። እጄን አጣጥፌ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁህ።

ዳባት ስሄድ ኮምፒውተሩን ይዤ አልሄድኩም። አንዴ የዋሸ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ምስክር አይሆንም። ቴፗን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ካሴቱንና ድንጋዩን ይዤ ሄድኩ። ልሳነ ወርቅ ጥዱ ሥር ተማሪዎቹን ዜማ በቃል እያቀበለ ያስቀጽል ነበር። በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ያከፋፈልኳችሁ ድምፅ የተበላሸ ነው፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እስከ መጨረሻው ሳልሰማ ነው የሰጠኋችሁ አልኩ። ከፊት ያለው ጎረምሳ ያችን የዝምታ ትርጓሜ ሊያስረዳኝ አፉን ከፈተ፤ ልሳነ ወርቅ በዓይኑ ዝም አሰኘው።

ቁልፏን ተጫንኩ። አንተ ጀመርክ። ወረድክ። እነሱ በሚያቆሙበት ቦታ አላቆምክም። አሥራ ስምንቱም አንገታቸውን ወደ ቴፗ አሰገጉ። «ጧ»። ልሳነ ወርቅ «ድገሚው» አለኝ፤ ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ ከሥርህ ገብቶ አብሮህ ዜማውን ይዞ ወረደ፤ ደረቱ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ አስረዘመው፤ ልክ ነበር። ሳይሰግድባት በፊት የሚያውቃት፣ ካንተ አፍ የተቀበላት ናት። እንባው ጺሙ ላይ ወረደ። ሲጨርስ ምን አለኝ መሰለህ? «እሽ፤ ስግደቱን ማን ይመልስልኛል?» ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ቆይቶ «ከእኔ ያለፈው ይሁን። የሄዱትን ልጆች ግን ምን እናድርጋቸው?» አለ።

ይኸው ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። ሁለት ልጆች ሚሞሪዋን ይዘው ቀድመው ወጥተዋል፤ አንዱ ጃናሞራ፣ አንዱ ጠለምት፤ አሁን ያስተምራሉ። ልሳነ ወርቅ እየነገረኝ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ አዲስ ሚሞሪ ከተትኩበት፣ በጭነት አጋሰስ ከሚሄዱ ነጋዴዎች ጋር ሰደድን። ከጠለምት እስከ ዛሬ መልስ የለም። ከጃናሞራ መልስ መጣ። ስለ ሚሞሪዋ አመስግኖ፣ ደረቱንም ተቀብለናል ብሎ፣ ግን ዝምታዋን ሕዝቡ ስለወደዳት ሁለቱንም ይዘን እንቀጥላለን ይላል! ሁለቱንም! አንዱን በበዓል፣ አንዱን በሐዘን! አባዬ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሆነ ሊቅ ተነሥቶ «የጃናሞራ ስልት» ብሎ ቢያስተምራት፣ እባክህ እዚያ ማዶ ሆነህ እንዳትስቅብኝ። ወይም ሳቅ። እኔም የምስቅበት ቀን ይመጣ ይሆናል።

አሁን ሰባተኛው ካሴት። ከማረፍህ ሁለት ወር በፊት የቀዳነው ነው። ከደባርቅ መጥቼ ቁልፏን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ግን አሁንም እንደምቸኩል ስለምታውቅ በዓይንህ አስጠነቀቅኸኝ። ግድግዳውን ተደግፈህ ጀመርክ። ትንፋሽህ አጭር ነበር፤ ደረቱ ላይ ስትደርስ ግን ረዘመ፤ ከየት እንዳመጣኸው አላውቅም። ከዚያ ዓይንህ ተከደነ። መቋሚያዋ ከጉልበትህ ላይ እንደተጋደመች ቀረች። እንቅልፍ ወስዶህ ነበር። እኔም ቁጭ ብዬ፣ ጣቴን ቁልፏ ላይ አድርጌ፣ መቋሚያው መሬት እስኪነካ ጠበቅሁ። ካሴቱ ራሱ አልቆ «ቀጭ» እስኪል አልነካኋትም።

በመጀመሪያው ቅጂ ያ ቦታ ባዶ ዝምታ ነበር። ኮምፒውተሩ መጨረሻ ላይ ያለው ባዶ ይቆረጥ ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ እኔ ሞኟ «ይቆረጥ» ብዬው ነበር። አሁን ባዶ እንዳልነበረ ሰምቻለሁ። ትንፋሽህ ነው። እየወጣ እየገባ፣ አንዳንዴ እየተንጠራራ፣ እስከ ካሴቱ ጫፍ ድረስ። እማዬ በዚህ ጊዜ አልወጣችም፤ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲያልቅ «ደክሟቸው ነበር» አለችና ምስሯን ይዛ ተነሣች።

ናፍቄሃለሁ አባዬ። ከማሽኑም ከተማሪዎችህም ከራሴም ጋር ስጣላ የከረምኩት ስለናፈቅኸኝ ነው። በየሙት ዓመትህ ዳባት እመጣለሁ፤ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ደረቱን እጠብቃለሁ፤ ከቆረጡት እናገራለሁ፣ ማንም ቢያፍርብኝ። ከጠለምት እስኪመልሱልኝ መላኬን አላቆምም።

ሰባተኛው ካሴት ላይ «ጧ» የለም። አንተ መቋሚያህን መሬት አላስነካህም፤ ሕጉ ደግሞ ያው ሕግ ነው። ጣቴን ገና ከቁልፏ ላይ አላነሣሁም።

ችኩሏ ልጅህ፣
ከደባርቅ